ከካርታዬ የጎደለው ቀለም

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 6፡30

ሦስተኛ ክ/ጊዜ፣ 9ለ። የአፍሪካ ክልሎች። ዘንድሮ ሳስተምረው አሥራ ዘጠነኛ ዓመቴ፣ ጠመኔው ራሱ በቃሉ ይዞታል። ሰሜን፦ ቴምር፣ ወይራ፣ ፎስፌት፣ ፊቱን ወደ አውሮፓ ያዞረ ገበያ። ሳህል፦ ማሽላ፣ ጨው፣ ከብቱን ተከትሎ ድንበር የሚሻገር አርብቶ አደር። የጊኒ ዳርቻ፦ ኮኮዋ፣ ቦዬ፣ ገበያውን በእጃቸው የያዙ ሴቶች። መካከለኛው፦ ጫካ፣ ካሳቫ፣ መዳብ። ደቡብ፦ ማዕድንና ፋብሪካ። የእኛ፦ ጤፍ፣ ጥንድ በሬ፣ ሞፈር። ደወል።

ከመውጣቴ በፊት አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። ቲቸር የኮኮዋ ዛፍ አይተው ያውቃሉ ወይ። በመጽሐፍ አልኳት። ውቅያኖሱንስ። እሱንም በመጽሐፍ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከሀገር ወጣሁ የምለው አንድ ጊዜ ሞያሌ ሄጄ፣ በዚህኛው በኩል ቆሜ፣ የኬንያን ጎን ማየቴን ነው። አንድ የሳሙና ማስታወቂያ አየሁ። በቃ።

11፡00

ደብተሬ፣ ተቀመጪና ስሚ። ር/መምህሩ አቶ ማቴዎስ ጠራን። ለጂኦግራፊ መምህራን የተዘጋጀ ጉዞ መጥቷል። ሦስት ሳምንት። ናይሮቢ፣ አክራ፣ ዳካር፣ ካዛብላንካ። መምህሩ ክልሎቹን በዓይኑ አይቶ መጥቶ እንዲያስተምር። ከእኛ ት/ቤት አንድ ሰው። ተወዳዳሪው የራሱን የአፍሪካ ክልሎች ካርታ በአቡጀዲ ሠርቶ ያቀርባል፣ ፋይሉ ላይ የዲፓርትመንት ተጠሪ ይፈርማል፣ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ኅዳር 21።

ተጠሪዋ እኔ ነኝ። የእኔን ፋይል አቶ ማቴዎስ ራሱ ይፈርማል። ጂኦ. የምናስተምረው ደግሞ ሁለት ብቻ ነን፣ እኔና አንተነህ።

አንተነህን አላስተዋወቅኩሽም መሰለኝ። ከጎጃም ወደ እኛ ሶዶ ተመድቦ የመጣ፣ ሁለት ዓመቱ፣ ዕድሜው ሃያ ሰባት። ከኦቶና ሆስፒታል ወደ ላይ፣ ከእናቴ ግቢ በታች ቤት ተከራይቷል። በሁለት ዓመት ወላይታቶ ለምዶ ከጥበቃው ጋር ይቀልዳል። የእኔ ልጆች እዚሁ ተወልደው በአማርኛ ነው የሚመልሱልኝ። ሁሉም ይወደዋል። እኔም እወደው ነበር፣ እስከ ዛሬ 10፡00 ሰዓት።

እሱ ይወዳደር ይሆን? እያልኩ ስመጣ ከኋላዬ ደርሶ፣ እትዬ አልማዝ አንድ ላይ ብንሠራ አይሻልም ወይ አለኝ። እሺ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። 9፡40

ፔዳጎጂ ማዕከል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት አቡጀዲ። እኔ በዚህ ጫፍ፣ አ. (አንተነህ) በዚያ ጫፍ። የእኔ የባሕር ዳርቻ መስመር የታወቀ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከጅቡቲ እስከ ኬፕታውን እወርዳለሁ። የእሱ ሶማሊያ ቀንዷ ጠሟል። ደስ አለኝ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ቡናማ ቀለም አለዎት ወይ አለኝ። አለቀ አልኩ። በቦርሳዬ ውስጥ ግማሽ ጣሳ አለ።

ከዚያ፣ ሥራውን ሳያቆም፣ ሐሳቡን ነገረኝ። የሶዶ መናኸሪያ ላይ አንድ የገበያ ቀን ቆሞ አህጉሪቱን ማስተማር ይቻላል አለ። ከቆላው ሁምቦ የሚመጣው ሰው በቆሎና ፍየል ይዞ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ኑሮው ሳህል ላይ ካለው ጋር ይነጋገራል። ከሃላሌ በኩል የሚመጣው ቦዬውን፣ ያን ሥራ ሥር፣ ቢያወርድ የጊኒ ዳርቻ ሰው ያውቀዋል። ከዳሞታ ተራራ ወገብ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ዓለም። በሁለት ሰዓት መንገድ ምግቡም፣ የመሬቱ አያያዝም፣ ሴትዮዋ በቤቷ ያላት ሥልጣንም ይለያያል። ክልል ማለት ይኼ ነው አለ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ መናኸሪያ አልፌያለሁ። ሻንጣዬን ስጠብቅ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ። ለምን እኔ አላየሁትም? ደህና ሐሳብ ነው አልኩት፣ እንደ ሱፐርቫይዘር ድምፄን አወፍሬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6። ጠዋት

ዛሬ በክፍል የቀናሁት በአገሮች ነው። እውነቴን ነው። በጋና ቀናሁ፣ ኮኮዋ የሚባል ነገር ስላላት። በሞሮኮ ቀናሁ፣ ባቡሯ በሰዓቱ ይነሳል ስለሚባል። በኬንያ ሻይ ቀናሁ። ተማሪዎቼ ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ክልል እንደ ሀብታም ዘመድ አማሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11። 10፡15

ካርታዬ አለቀ። አምሮ አለቀ! ስድስት ክልል፣ ስድስት ቀለም። በየክልሉ የሚበላው፣ የሚሸጠው፣ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ በሥዕል። ለእኛ ቀንድ ቢጫ ቀባሁ፣ መሐሉ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬና የጤፍ ነዶ። የቢሮ ሰዎች ሁሉ መጥተው አዩ። አቶ ማቴዎስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፓስፖርት ለማውጣት አዲስ አበባ መሄድ ይኖርብኝ እንደሆነ ጠየቅኩ፣ በቀልድ መልክ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አ. ቀረ። ካርታውን ከጥግ እስከ ጥግ አየ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እትዬ፣ እንሰትስ አለኝ።

አልገባኝም። እንሰት ምን ሆነ?

እንሰት የት አለ፣ አለ።

ደብተሬ፣ የለም። ሶዶን በቢጫ ቀብቻታለሁ። ሲዳማን ቀብቻለሁ፣ ጉራጌን ቀብቻለሁ፣ ጋሞን ቀብቻለሁ፣ ይኼን ሁሉ እንሰት ተክሎ የሚኖር ሕዝብ በሬና ጤፍ አልብሼዋለሁ። እናቴ ግቢ ቤቱን ከቦ የቆመ፣ በልጅነቴ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ቆርጬ ራሴ ላይ የያዝኩት፣ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ከእሱ የሚሠራውን ሙቹዋ ስበላ ጣቴን የምልሰው ነገር። ስማርበት የነበረው መጽሐፍ ላይ ስለሌለ ካርታዬም ላይ የለም። የጤፍ አገር ሰው መጥቶ ነገረኝ!

በሰው ፊት ቢለው ይሻለኝ ነበር። እሰድበው ነበር። ጨዋነቱ ነው የገደለኝ። ላስተካክለው አስቤ ነበር አልኩት። አዎ፣ አንድ ጥግ ነው፣ ቀላል ነው አለ። ዋሸሁ፣ እሱም እንደዋሸሁ ያውቃል፣ ቻው ብሎኝ ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14። 8፡00

አረንጓዴ ቀለም አለኝ። ብሩሹም አለኝ። የምጽፈው የለኝም። ስለ ኮኮዋ ሁለት ገጽ እጽፋለሁ። ስለ እንሰት፦ “ድርቅን የሚቋቋም ተክል፣ ቆጮ ይወጣዋል”። አለቀ። ስንት ዓመት ይቆያል? ስንት ዓይነት አለ? ሃላ አውቃለሁ፣ ማዚያ አውቃለሁ፣ ሌላ? ከብቱ ለምን ከቤት አይርቅም? ሴቶች ብቻ ለምን ይፍቁታል? እኔ እንኳን መፋቂያ ጨብጬ አላውቅም። እናቴ አላስነካችኝም፣ ወይም እኔ አልነካሁም፣ አሁን አላስታውሰውም።

ነገ ሄጄ እጠይቃታለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። 7፡30

ሄድኩ። በደብተርና በእስክሪብቶ፣ እንደ ስታቲስቲክስ ሠራተኛ። የግቢውን በር ስገፋ ሳቅ ሰማሁ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ዓመት ሆኖኛል።

ከእንሰቱ ሥር፣ ሴቶቹ መሐል፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አ. ተቀምጧል። አንድ እግሩን ዘርግቶ ሳንቃው ላይ ይፍቃል! ወንድ! እኛ ጋ ሴቶች ሲፍቁ ወንድ በዚያ በኩል አያልፍም፣ ቢያልፍም ፊቱን አዙሮ ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን አልቆመበትም። ጎረቤቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ አንዷ የአንገት ልብሷን አውልቃ አሸርጣዋለች። እናቴ እጁን ይዛ እንዲህ፣ እንዲህ እያለች ታሳየዋለች። ቃጫው ለብቻው፣ ቡላው የሚወርድበት ለብቻው።

የእናቴ እጅ በእሱ እጅ ላይ። በዓይኔ አየሁት።

ምሳ ቀረበ። ጾም ዛሬ ገብቷል ብላ ለእሱ ቅቤ ያልነካው ለብቻ አዘጋጅታለች። እናቴ! የጴንጤ ቤት፣ ጾም በቀን መቁጠሪያ የማታውቅ ሴት፣ የእሱን ጾም ታስታውሳለች። የእኔን የልደት ቀን ግን ከወንድሜ ጋር ታቀያይራለች።

ማስታወሻ ደብተሩን አሳየኝ፣ ተደስቶ፣ እንደ ልጅ። እናቴ አሥራ አንድ የእንሰት ስም ነግራዋለች። የቱ ተቀቅሎ ለሚበላው አሚቾ፣ የቱ ለቡላ እንደሚሆን፣ የቱ ለበሽታ እንደማይበገር፣ የቱ ለወለደች ሴት እንደሚቀቀል። የቤቱ ፍግ ወደ እንሰቱ እንደሚሄድ፣ ስለዚህ ከብት ያለው ሰው እንሰት እንዳለው፣ እንሰት ያለው ሰው ደግሞ በክፉ ዘመን ደጁ ሰው እንደማይጠፋው። ወንድ ይተክላል፣ ከተተከለ በኋላ ግን የቱ ይቆረጥ፣ ለማን ይሰጥ፣ የቱ ይሸጥ የሚለው የሴቷ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ። ያን እያነበብኩ ፈገግ ብዬ ነበር፣ ጥርሴ እስኪያመኝ።

እሱ ሲሄድ እናቴን ጠየቅኳት። ለምንድነው ለእኔ ይኼን አንድ ቀን ነግረሽኝ የማታውቂው አልኳት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ። እሷ ጮክ አላለችም። አልጠየቅሽኝም አለች። ቆይታ ደግሞ፣ አንቺ ስምንተኛ ክፍል እያለሽ፣ እጅሽ ይሸታል፣ ት/ቤት አትምጪብኝ ብለሽኛል፣ እሺ ብዬሽ ተውኩት አለች።

እኔ እንዲህ አላልኩም አልኳት።

እሺ አለች።

በባጃጅ ስመለስ አስታወስኩ። ብያለሁ። የወላጆች ቀን ነበር። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩ ቀን እንኳን ከት/ቤቱ በር ውጪ ቆማ፣ ግቢ አልገባም ያለችው እግሬን አሞኛል ብላ ነበር። እኔም አምኛት ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ቸርች ሄድኩ። ለጉዞው ጸለይኩ። ስለ ቅናቱ አላነሳሁም፣ ጌታ ያውቀዋል፣ ምን አስለፈለፈኝ። እናቴ ከፊት ወንበር ነበረች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ጸሎት ሲያልቅ አቀፈችኝ፣ ሁልጊዜ እንደምታቅፈኝ፣ መዳፏን ከትከሻዬ አርቃ፣ በክንዷ ብቻ። እንዲህ እንደምታቅፈኝ ስንት ዓመት ሆነ? ለምን አላስተዋልኩም?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18። 9፡00

አ. ካርታውን አመጣ። ከፋይሉ ጋር፣ እንድፈርም።

እውነት እውነቱን፦ ሶማሊያው አሁንም ጠማማ ነው። ሌላው ግን ከእኔ ይበልጣል። ክልሎቹን በአገር ድንበር አልቆረጣቸውም፣ ሰው የሚበላውንና በቤት ማን እንደሚያዝ እያየ ነው የቆረጣቸው። ሳህል ከእኛ ሁምቦ ጋር በነጠብጣብ ተያይዟል። የጊኒ ዳርቻ ላይ የቦዬ ሴቶች አሉ። ከቢጫው መሐል፣ በእኛ ላይ፣ ጠበብ ያለች አረንጓዴ ምድር፣ አሥራ አንዱ ስም በዙሪያዋ በደቃቅ ጽሑፍ። ከታች ደግሞ፣ መረጃ የሰጡት፣ ብሎ የእናቴን ስም ከነአባቷ ጽፏል።

የእናቴ ስም። በሰው አቡጀዲ ላይ። እሷ ስሟን መጻፍ አትችልም፣ እኔ ደግሞ የምችለው ሰው አንድም ቦታ ጽፌላት አላውቅም።

እፈርማለሁ፣ ትንሽ ልየው አልኩት። ወጣ። ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ቆለፍኩ። ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ፣ አክስቶቼ እንደሚያደርጉት።

የራሴ ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀባሁ። ስሞቹን ግን አልጻፍኩም። የእሱን ልገለብጥ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 20። 5፡10

አቶ ማቴዎስ ጠየቀኝ፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው የደረሰኝ፣ አንተነህ ተወው እንዴ አለ። እንጃ አልኩ። እንጃ! መሳቢያው ከጉልበቴ በላይ ነበር። ካልመጣ የአንቺን እልካለሁ አለና ሄደ።

አክራ። ዳካር። ውቅያኖስ። ዝም ብል ነገ በዚህ ሰዓት የእኔ ናቸው። ማን ያውቃል? ፋይል ይጠፋል፣ የት ነው ፋይል የማይጠፋው? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እሱ ገና ሃያ ሰባት ነው፣ ሌላ ጉዞ ይመጣለታል። ደግሞስ እሱ ካርታ ሲሠራ ማንን ጠየቀ? የእኔን እናት። የእኔ ነገር ነው። ከእኔ ጓሮ ነው የወሰደው።

ይኼን አሁን አነበብኩት። ከእኔ ጓሮ። አንድ ቀን ቆፍሬበት የማላውቅ ጓሮ።

ዓርብ፣ ኅዳር 21። 3፡20

ጠዋት አ. ቢሮ መጣ። ይፈርሙልኝ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቁልፉ ቆዳዬን እየወጋኝ። አልጠየቀኝም። ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ እትዬ ፋይሉን ይተዉት፣ እርስዎ ይሂዱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለፍተዋል፣ እኔ ገና ነኝ አለኝ።

ያውቃል ማለት ነው። ሁሉንም ያውቃል። ይቅርም ብሎኛል።

ደሜ ፈላ። እሱ ማነው እኔን የሚምረኝ! በእሱ ርኅራኄ አውሮፕላን ልሳፈር? ዳካር ሄጄ ባሕሩን ባየሁ ቁጥር የእሱን ፊት ልይ? አልማዝ ለዚህ አልደረሰችም። ቁልፉን እዚያው ፊቱ አወጣሁ፣ ዞር በል እንኳን አላልኩትም፣ እሱ ነው የዞረው። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ሁለት ጊዜ። ራሴ ይዤ አቶ ማቴዎስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ እያወቅኩ ነው ያቆየሁት አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ።

በጎነት እንዳይመስልሽ። በሐቅ ካልሆነ ማሸነፉ እንኳ አይጥመኝም፣ ያ ነው።

10፡30

የጉዞው መራጭ ኮሚቴ ሁለቱን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አየ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እሱ።

አጨበጨብኩ። እንኳን ደስ አለህ አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ሊያቅፈኝ ሲመጣ እጄን ዘረጋሁለት። አውሮፕላን ላይ እንዲያስመልሰው ተመኘሁ፣ ብዙ ሳይሆን፣ እስከ ናይሮቢ ብቻ።

የሚገርምሽ፣ የተቀመጥኩት ለማልቀስ ነበር፣ ለአክራ። አክራ አልመጣችም። የመጣው የእናቴ እጅ በእሱ እጅ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22። 11፡00

ደብተር አልያዝኩም ዛሬ። አሮጌ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። እናቴ ብቻዋን ነበረች። ልፋቅ አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ይሸትሻል፣ ሦስት ቀን አይለቅም፣ ሰኞ ክፍል አለብሽ አለች። ይሽተተኝ አልኩ።

ቦታ ለቀቀችልኝ። አቀማመጡን አላውቅበትም፣ ጀርባዬ ተሰነጠቀ። መፋቂያውን ገልብጬ ያዝኩ። የጎጃሙ ልጅ ካንቺ ይሻላል አለች። አውቃለሁ አልኳት፣ እሱን ነው ያናደደኝ። ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘች። መዳፏን፣ ሙሉውን፣ በእጄ ጀርባ ላይ ጫነችው። ይቅር በይኝ አልኳት፣ በወላይታቶ፣ ስለ ስምንተኛ ክፍሉ። ፍቂ አለችኝ።

ስንነሳ፣ የፋቅነውን እያሳየችኝ፣ ይኼ ቱዙማ ነው አለች። ሌላውንም ንገሪኝ አልኳት፣ ለእሱ አሥራ አንዱንም በአንድ ቀን ነግረሽዋል አልኩ። ሃላንና ማዚያን ታውቂያለሽ፣ ዛሬ ቱዙማ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጪ አለች። ወደ እኔ አላየችም፣ ሳንቃውን ታጥባለች።

ለእሱ አሥራ አንዱን በአንድ ቅዳሜ። ለእኔ በየቅዳሜው አንድ።

ስምንት ቅዳሜ ይቀረኛል። እሄዳለሁ። ስምንቱ ሲያልቅ፣ ለእሱ ያልነገረችው አሥራ ሁለተኛ ስም እንዳለ እጠይቃታለሁ።